ሰንሰለቱ ከመፈታቱ በፊት ያለው ሥራ፦ የሶዶው የቤት ለቤት ማገገሚያ ሲመዘን

ለአእምሮ ሕሙማን አንድ ነገር ለማድረግ የተነሣ እድር፣ ሰበካ ጉባኤ ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ግቢ ነው፦ ቦታ ይሰጠን፣ ቤት እንሥራ፣ አልጋ እናስገባ። በሶዶ ወረዳ የተሞከረው አገልግሎት ግቢም አልጋም የለውም። ያለው በእግሩ ቤት ለቤት የሚዞር ሠራተኛና የአንድ ዓመት ጊዜ ነው። በራሳቸው ወረዳ ሊጀምሩት ለሚያስቡ ሰዎች የቱ ጋ እንደሚሠራ፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር ማወቁ ይጠቅማል።

ሶዶ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በቡታጅራ መንገድ ላይ የሚገኝ የጉራጌ ወረዳ ነው፤ መቀመጫው ቡኢ ናት። «ራይዝ» የተባለውን ሙከራ ላውራ አሸርና ሻርሎት ሃንሎን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተውታል። ወረዳው ውስጥ ያሉ 48 ንኡስ ቀበሌዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ስኪዞፍሬኒያ (ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ ጥርጣሬ የሚያሳድር ከባድ የአእምሮ ሕመም) ካለባቸው 166 ተሳታፊዎች 87ቱ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ አገኙ፤ 79ኙ ከዚያው ሕክምና ጋር ቤታቸው ድረስ የሚመጣ ሠራተኛ ተመደበላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ራስን መጠበቅን፣ ከሰው መግባባትን፣ የቤት ሥራንና ማኅበራዊ ኑሮን በሚለካው የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ፣ ሠራተኛ የመጣላቸው ሰዎች የአቅም ማጣት ነጥብ ከሌሎቹ በ8 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። መለኪያው ከ100 የሚታሰብ ነው። የተገኘው ግን በ12ኛው ወር ነው። በ6ኛው ወር በተለካ ጊዜ ግልጽ ልዩነት አልታየም።

በጀት የሚያዝ ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል ይህን የመጨረሻውን ይያዝ። አገራችን ውስጥ አብዛኛው የማኅበረሰብ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ሪፖርቱን የሚጽፈው በስድስት ወር ነው፤ ለጋሹም የሚጎበኘው፣ ይቀጥል አይቀጥል የሚባለውም ያኔ ነው። ይህን አገልግሎት በስድስተኛው ወር የመዘነው ሰው «አልሠራም» ብሎ ይዘጋዋል። ለስድስት ወር ብቻ ገንዘብ ያለው ማኅበር ሕሙማኑን በግማሽ ይቀንስና ዓመቱን ይሙላ እንጂ ብዙ ሰው ይዞ በግማሽ አያቁም።

የዘገየበት ምክንያት ከአሠራሩ ይገባል። ሠራተኞቹ የጤና ባለሙያ አይደሉም፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አምስት ሳምንት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት በየሳምንቱ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ስለ ሕመሙ ያስረዳሉ፣ ከጤና ጣቢያ ጋር ያገናኛሉ፣ የታሰረ ወይም የተደበደበ ሰው ካለ ያንን ይይዛሉ። ቀጥሎ ጉብኝቱ እየራቀ ርእሱ ይለወጣል፦ ንጽሕና፣ የቤት ሥራ፣ ገቢ፣ ከሰው መቀላቀል። በመጨረሻ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ማለት ይሆናል። በጎን ደግሞ የእድር ዳኞችንና የሃይማኖት አባቶችን ማነጋገር፣ የሕሙማን ቤተሰቦችን መሰብሰብ አለ። እንግዲህ የመጀመሪያው እኩሌታ ያለቀው መሬት በማደላደል ነው። እርሻና እድር የሚነካው ሁለተኛው ነው፤ መለኪያውም የሚያነበው ያንን ነው።

ለሥልጠናው አምስት ሳምንት በቂ ነው ወይ? ለንግግሩ፣ አዎ። ለብቻ ለመሥራት ግን አይበቃም። በየሳምንቱ ጉዳዮቹን አብሮ የሚያይ ተቆጣጣሪ ከሌለ ሠራተኛው በሦስተኛው ወር የቡና ጎረቤት ይሆናል፤ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ይመለሳል፣ ደብተሩ ላይ «ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል። «ደህና ነው» የሚለውን ቃል ከደብተሩ መከልከል ቀላል መድኃኒት ነው። በምትኩ የሚጻፈው፦ ስንት ሌሊት ተኛ? ስንት ክኒን ቀረ? ሲታጠብ ማን ረዳው? ከግቢ ስንት ጊዜ ወጣ?

ከሥሩ ጤና ጣቢያ ከሌለ ይህ ሁሉ በአየር ላይ ነው። በሶዶ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሕክምናውን እዚያው ይሰጣሉ። በቡታጅራ አካባቢ ከ300 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ሌላ ሙከራም ጤና ጣቢያ ላይ የሚሰጠው ክትትል በሆስፒታል ሳይካትሪ ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ ከሌለው ወይም የሠለጠነችው ነርስ ተዛውራ ከሄደች፣ ሠራተኛ ከመቅጠራችሁ በፊት ያንን አስተካክሉ። ከሙከራው ቀደም ብሎ በአሥር ሰዎች ላይ በተደረገው ቅድመ ጥናትም ብዙ ያልተጠቀሙት በቂ መድኃኒት ያላገኙትና የቤተሰብ ጣጣ የበዛባቸው ነበሩ።

ሠራተኛው መድኃኒት አያዝዝም፤ ማወቅ ያለበትን ግን ማወቅ አለበት። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱን፣ ሃሎፔሪዶልን፣ የጀመረ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ሊጣመም፣ ምላሱ ሊወጣ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ጤና ጣቢያ ላይ በሚሰጥ መድኃኒት ቶሎ ይለቃል። ነገሩን አስቀድሞ ያልሰማ ቤተሰብ ግን «መንፈሱ ተቆጣ» ይልና ክኒኑን ይጥለዋል፤ ሁለተኛም አያስነካውም። ለዚህ የሚሆነው ንግግር ሁለት ደቂቃ ነው፣ ክኒኑ በተሰጠበት ቀን። ሌላው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ያስተኛል፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ያዞራል፣ ፀሐይ ላይ ቆዳ ያቃጥላል። ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ለሚውል ሰው ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ ከምክር ይበልጣል። ክኒን መቆጣጠር ላቃተው ቤት በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን አለ፤ ችግሩ የመርፌው ቀን ሲያልፍ ጉዳቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው። ሰውየው ሁለት ሳምንት ደህና ይመስላል፣ «ድኗል» ይባላል፣ ከዚያ እንቅልፉ ይሄዳል። የመርፌውን ቀን በቤተሰቡ በሚታወቅ በዓል ማሰር ይረዳል፤ በወሩ 12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ከተባለ ማንም አይረሳውም።

አሁን ወደ ምግቡ። መድኃኒቶቹ የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ። በልቶ ለሚያድር ቤት ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለድሃ ቤት ግን ክኒኑን የሚያስቆም ምክንያት ነው። ሰውየው ክኒኑን ውጦ ይርበዋል፣ የሚበላ የለም፣ ባዶ ሆድ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያቆማል። ነርሷ «መድኃኒቱን እምቢ ያለ» ብላ ትመዘግበዋለች። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፦ በእጁ እህልም ገንዘብም የለውም። ሠራተኛው በሩን ሲያንኳኳ ቤተሰቡ የሚጠብቀው ርዳታ ነው፤ ይዞ የመጣው ወሬ ሲሆን ቅሬታ ይፈጠራል። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ገንዘብ አላመጣሁም፤ የማመጣው ይህንና ይህን ነው» ብሎ በግልጽ መናገር ያስከፋል፣ ግን በሁለተኛው ወር ከሚመጣው ቅሬታ ያነሰ ነው።

ገንዘብ ባይኖረውም ወረቀት ማንቀሳቀስ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአብዛኛው እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነው። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ «የድሃ ድሃ» የሚባሉ አባወራዎች በቀበሌ ተመርጠው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ስሙ የሚነሣው ስብሰባ ላይ በተቀመጠ ሰው አፍ ነው፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ደግሞ ከስብሰባ የሚቀር ቤት ነው። ሠራተኛው ከስብሰባው በፊት የቀበሌውን ሊቀ መንበርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አግኝቶ ስሙን ካላስያዘ አንድ ዓመት ያልፋል። የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍም ባለበት ወረዳ እንዲሁ ነው፤ መሥራት የማይችል ሰው ያለ ሥራ የሚረዳበት ዘርፍ አለው፣ ግን ስኪዞፍሬኒያ ያለበት የ25 ዓመት ጎልማሳ ለዓይን ጉልበተኛ ስለሚመስል «ይሥራ» ተብሎ ይታለፋል። ከጤና ጣቢያ የተጻፈ አጭር ማስረጃ ይህን ክርክር ይዘጋል።

ወደ ሰንሰለቱ እንምጣ፤ ፎቶ የሚነሣው እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚቸኩልበትም እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን አስፈትቶ የሄደ ሠራተኛ በሳምንቱ ሲመለስ ሰንሰለቱን በአዲስ ቁልፍ ተቆልፎ ያገኘዋል፤ ቤተሰቡም ከዚያ ወዲያ በሩን አይከፍትለትም። ቤተሰብ ልጁን የሚያስረው በአብዛኛው ጨክኖ ሳይሆን መላው ጠፍቶበት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አሰራችሁት?» ሳይሆን «ሲፈታ ምን ይሆናል ብላችሁ ትፈራላችሁ?» ነው። መልሱ ከአራት ነገሮች አይወጣም። ሌሊት ተነሥቶ ይጠፋል የሚል ከሆነ ጉዳዩ የእንቅልፍ ነው፤ ነርሷ መድኃኒቱን ወደ ማታ ልታዞረው ትችላለች። ጎረቤት መትቷል ከተባለ ክኒን ብቻውን አይፈታውም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳው ካልተነጋገረ ጎረቤቱ ራሱ እንዲታሰር ይጠይቃል። እሳት ይነካል ከተባለ ክብሪቱንና ምድጃውን ማን እንደሚጠብቅ መወሰን ነው። አራተኛው ቤት የሚቀር ሰው አለመኖሩ ነው፦ አጨዳ ደርሷል፣ ሁሉም ማሳ ወጥቷል። እዚህ ጋ መፍትሔው ደቦ ነው። የአንድ ሰው ተራ ከማሳ ወደ ቤት ጥበቃ ይዞራል፤ ለሚጠየቁት ሰዎች ይህ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ብረቱ ያረፈበትን ቁርጭምጭሚት ማየት፤ ቁስል ካለ ጤና ጣቢያ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አብሮ። ቀጥሎ ሕክምናው ተጀምሮ እንቅልፍ እስኪስተካከል መጠበቅ፤ በተከታታይ ጥቂት ሌሊት መተኛቱ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥሎ ቀን ቀን፣ ሠራተኛው ባለበት፣ ለአንድ ሰዓት መፍታት። ረጅም ጊዜ የታሰረ ሰው እግሩ ይዝላል፣ ጅማቱ ይሰበሰባል፤ በመጀመሪያው ቀን ሩቅ ማስኬድ ይጥለዋል፣ በትር ያስፈልገዋል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ሞኝ ጥያቄ ይመስላል፤ ቁልፉ የጠፋበት ቤት ግን ብዙ ነው፣ ያኔ ባለ መጋዝ ሰው ይፈለጋል። ሌሊቱ የሚፈታው በመጨረሻ ነው። ከመፈታቱም በፊት «ቢብስበትስ?» የሚለው በሽማግሌ ፊት ይወሰናል፦ ማን ይጠራል፣ በምን ይጓዛል፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ማን እጅ ይቀመጣል። ይህን ሳያስወስኑ ያስፈቱ ሰዎች ሕመሙ ሲመለስ ብረቱም አብሮ እንደሚመለስ ይወቁት።

ጠበል ላይ አገልግሎቱ የያዘው አካሄድ ብልህ ነው፤ ከጠበልና ከመድኃኒት አንዱን ምረጡ አይልም። ችግር የሚመጣው «ጠበል የያዘ መድኃኒት አይወስድም» በሚባልበት ቦታ ነው። ያኔ ከሕመምተኛው ይልቅ አጥማቂውን ማነጋገር ይቀድማል፤ አንድ አጥማቂ «በጠበሉ ዋጠው» ካሉ አሥር ነርስ የማትሠራውን ሠሩ። ጾም ለያዘም፣ ረመዳን ለያዘም መፍትሔው አንድ ነው፦ በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ነርሷ ወደ ማታ ታዞረዋለች፤ ሠራተኛው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ካላስታወሰ ግን ሰውየው ዝም ብሎ ያቋርጣል።

ሁለተኛው እኩሌታ፣ ማለትም ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ፣ የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል ነው። የሚጀመረው ከትንሹ ነው። ፊት መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ውኃ መቅዳት፣ ላም ማሰማራት፤ ለሴት እንሰት መፋቅ ላይ አብሮ መቀመጥ፣ ምንም ባትፍቅ እንኳ። የሚበላሸው ቤተሰቡ ሲቸኩል ነው፤ ክኒን የጀመረ ሰው በወሩ ሞፈርና ቀንበር ይሰጠዋል፣ ፀሐይ ላይ ያንቀላፋል፣ «ሰነፍ» ይባላል። ጫት ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት። በዚያ አካባቢ ጫት የማሳው ገቢም የቤቱ ጨዋታም ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ጥርጣሬውንና ድምፁን ያባብሳል። «ተው» የሚል ትእዛዝ አይሠራም። ሰውየውን ከጫት ቡድኑ ካወጣችሁት ያለችውን ብቸኛ ማኅበር አሳጣችሁት፤ መጀመሪያ ሌላ መቀመጫ አግኙለት።

ያ መቀመጫ እድር ነው። አብዛኞቹ የታመሙት ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው መዋጮ ስላቋረጡ ከመዝገብ ተሰርዘዋል። መመለሻው ሁለት በር አለው፦ ውዝፉንና ቅጣቱን መክፈል፣ ወይም ዳኛውን ለምኖ ቅጣቱን አስነሥቶ ውዝፉን በየወሩ እየከፈሉ መግባት። ሁለተኛው በአብዛኛው ይሳካል፣ ሠራተኛው ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ከስብሰባው በፊት ለብቻ ከተነጋገረ። በስብሰባ ላይ ድንገት ከተነሣ ግን አንድ ሰው «እኔም ድሃ ነኝ፣ እከፍላለሁ» ይልና ነገሩ ያልቃል። አባልነቱ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ሥራ ይሰጠው፤ ድንኳን ሲተከል ካስማ ማቀበል፣ አግዳሚ ወንበር መሸከም። ለቅሶ ላይ ወንበር የተሸከመን ሰው ሰፈሩ በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ይህን የሚተካ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ የለም።

ሠራተኛው ራሱ የሚደክምበት ወቅት አለው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ቤት ለቤት መሄድን ያስቆማል። ቦት ጫማና ጃንጥላ በጀት ላይ ይግባ፤ ጉብኝቱ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ያሉ ቤቶች በአንድ ቀን እንዲታዩ ይደልደል። ሴት ሠራተኛ ብቻዋን ወንድ ሕመምተኛ ብቻ ወዳለበት ቤት አትላክ፤ ቤተሰብ የሚገኝበት ሰዓት ይመረጥ፣ በገበያ ቀን ቤቱ ባዶ ነው።

ለማን አይሆንም? ቤት ለሌለው። ይህ አገልግሎት የሚንኳኳ በርና የሚያስታምም ቤተሰብ ይፈልጋል፤ ሙከራውም አስታማሚ ያላቸውን ነው የያዘው። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከአሥሩ አራቱ ላይ የሳይኮሲስ ሕመም (ከእውነታ የሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ሕመም) አግኝቷል። ለእነሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማደሪያ ነው፤ በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ከጎዳና እያነሣ የሚሠራው ያንን ነው፣ ከዚህኛው ጋር ማወዳደርም ተገቢ አይሆንም። ግን ከማዕከል ወጥቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ሲኖር ሁለቱ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ መላክ ወደ ጎዳና መላክ ነው፤ ከመሄዱ በፊት የሚቀበለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ እንዳለው በስልክ ማረጋገጥ፣ ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት ማስያዝ፣ ቤተሰቡ ዘንድ አንድ ሰው አስቀድሞ ሄዶ ማነጋገር ይገባል።

በ12ኛው ወር የመጨረሻው ጉብኝት ላይ ቤቱ ውስጥ የሚቀር አንድ ወረቀት አለ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የሚቀጥለው መርፌ ቀን፣ መባስ ሲጀምር የዚያ ሰው የመጀመሪያ ምልክት ምን እንደሆነ፤ ለአንዱ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ለሌላው ምግብ መጠራጠር። ቀጥሎ የሚጠራው ጎረቤት ስም። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጭስ ይበላዋል፤ የጤና መድን ደብተሩ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቤተሰቡ ያን ደብተር አይጥልም።